የተበተኑ የስም መዝገቦች እንዴት ይስማማሉ

የስም ሰርቨር ሰው የሚያውቀውን ስም ተቀብሎ ኮምፒውተር የሚያውቀውን ቁጥር የሚመልስ ማሽን ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ያለ ተማሪ የዩኒቨርሲቲውን ገጽ ለመክፈት «ዲኤምዩ ነጥብ ኢዲዩ ነጥብ ኢቲ» ብሎ ሲጽፍ፣ ገጹ ከመምጣቱ በፊት የዚህ ስም አድራሻ ስንት ነው የሚል ጥያቄ ይሄዳል። መልስ ካልመጣ መስመሩ ደህና ቢሆንም፣ ገጹ ያለበት ማሽን እየሠራ ቢሆንም፣ ተማሪው የሚለው «ኔትዎርክ የለም» ነው። ስለዚህ የስም መዝገብ በአንድ ማሽን ላይ ብቻ አይቀመጥም፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም ብዙ መቶ ቦታ ይገለበጣል። መገልበጡ ቀላሉ ሥራ ነው። አስቸጋሪው አንዱ ሲቀየር ሌሎቹ መቼ እንደሚሰሙ፣ እስኪሰሙ ድረስም የሚሰጡት መልስ ምን ያህል እንደሚታመን መወሰን ነው።

ኢንተርኔት ገና አርፓኔት በነበረበት ዘመን ይህ ብዙ አያሳስብም ነበር። በካሊፎርኒያ፣ ሜንሎ ፓርክ ውስጥ በኤልዛቤት ፋይንለር የሚመራ የመረጃ ማዕከል የሁሉንም ማሽኖች ስምና ቁጥር በአንድ ፋይል ይዞ ነበር። አዲስ ማሽን ያስገባ ተቋም ለማዕከሉ ያስታውቃል፣ ማዕከሉ ይመዘግባል፣ ሌላው ሁሉ በየጊዜው ፋይሉን እንዳለ ይገለብጣል። ማሽኖቹ በመቶ እስከተቆጠሩ ድረስ አሠራሩ አላስቸገረም። ማሽኖቹ ሲበዙ ግን ፋይሉም ረዘመ፣ ገልባጩም በዛ፤ ማዕከሉ ያወጣው ስም ሩቅ ያለው ማሽን ጋ እስኪደርስ ሌላ ለውጥ ይደርብበት ጀመር። በ1983 እ.ኤ.አ. ፖል ሞካፔትሪስ ዲኤንኤስ የተባለውን ሥርዓት ነደፈ፤ ዛሬም መሠረት የሆኑት ሁለት መግለጫዎች በ1987 እ.ኤ.አ. ወጡ።

የሞካፔትሪስ ትልቁ ውሳኔ መዝገቡን መከፋፈል ነበር። ከላይ ሥሩ አለ፤ ከሥሩ በታች እንደ «ኢቲ» ያሉ የአገር ስሞች ይመጣሉ። «ኢቲ» ለኢትዮጵያ የተሰጠው በ1995 እ.ኤ.አ. ሲሆን ዛሬ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ከ«ኢቲ» በታች ለትምህርት ተቋማት «ኢዲዩ»፣ ለመንግሥት «ጎቭ»፣ ለንግድ «ኮም» አሉ፤ ከዚያ በታች ያለውን ስም ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ይመዘግባል። ዩኒቨርሲቲው አንድ ማሽን ሲጨምር አዲስ አበባንም ካሊፎርኒያንም ማስፈቀድ አያስፈልገውም። ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ዋና ሰርቨር አለ፤ ለውጥ የሚጻፈው እዚያ ላይ ብቻ ነው። ሌሎቹ ተከታይ ሰርቨሮች ከዋናው ይቀዳሉ፣ ለጠያቂም እኩል ይመልሳሉ። ጸሐፊው አንድ ስለሆነ ሁለት ሰዎች አንዱን ስም በአንድ ጊዜ በተለያየ ቁጥር የሚመዘግቡበት ዕድል የለም። ከስምምነት ችግሮች ትልቁ በዚህ ተወግዷል፤ የቀረው መዘግየት ነው።

መዘግየቱን የሚገዙት በእያንዳንዱ መዝገብ ራስጌ ላይ የተጻፉ ጥቂት ቁጥሮች ናቸው። የመጀመሪያው ሲሪያል ቁጥር ነው፤ መዝገቡ በተቀየረ ቁጥር ያድጋል። ሁለተኛው ተከታዩ በየስንት ሰከንዱ ዋናውን «አዲስ ነገር አለ ወይ» ብሎ እንደሚጠይቅ ይነግረዋል። ሦስተኛው ዋናው ካልመለሰ ከስንት ሰከንድ በኋላ ደግሞ እንደሚሞክር ነው። አራተኛው ግን ከሁሉም የከበደ ነው፤ ዋናውን ሳያገኝ ስንት ጊዜ ቢያልፍ የያዘውን ቅጂ ጥሎ መልስ መስጠት እንደሚያቆም ይወስናል። ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ እነዚህን ቁጥሮች ከሌላ ሰርቨር እንዳሉ ይገለብጧቸዋል። መስመር ለደቂቃዎች ብቻ በሚቋረጥበት ከተማ ይህ ችግር አያመጣም፤ በጎጃም ደጋ ግን ቁጥሮቹን ቆጥሮ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ይመጣል።

ሲሪያል ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በቀን ይጻፋል፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ከዚያም የዕለቱ ለውጥ ተራ በሁለት አኃዝ። በመስከረም 12 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. የተደረገ የመጀመሪያ ለውጥ 2024091201 ይሆናል። በሁለት የዘመን አቆጣጠር በሚሠራ ቢሮ ውስጥ እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። ያ ዕለት በኢትዮጵያ አቆጣጠር መስከረም 2 ቀን 2017 ነበር፤ ተረኛው ባለሙያ ደብዳቤ በሚጽፍበት ቀን 2017010201 ብሎ ቢያስገባ ሰርቨሩ የሚያየው ቀን ሳይሆን ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩ ደግሞ ከትናንቱ ያነሰ ነው። ተከታዩ መጥቶ ይጠይቃል፣ ያነጻጽራል፣ «ይህ እኔ ካለኝ ያረጀ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ስህተቱ የሚታየው በሎግ ውስጥ ባለች አንዲት መስመር ነው፤ ሎግ ደግሞ ችግር ሲደርስ እንጂ ዝም ብሎ አይነበብም። ዋናውን የጠየቀ ሰው አዲሱን አድራሻ ያገኛል፣ ተከታዩን የጠየቀ አሮጌውን። ከደንበኞች አንዱ «ይሠራል»፣ ሌላው «አይሠራም» እያሉ የሚከራከሩት ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለ ምክንያት ነው። ጳጉሜን ግን ችግር አያመጣም፤ 13ኛ ወርም ለሰርቨሩ ቁጥር ነው።

ቁጥሩን ወደ ታች መመለስ የፈለገ ሰው መንገድ አለው፤ እሱም ቁጥሩ እንደ ሰዓት ፊት የሚዞር መሆኑን መጠቀም ነው። ሲሪያል ቁጥር ከ4,294,967,295 አይበልጥም፤ እዚያ ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ከሁለት ቁጥሮች የትኛው አዲስ እንደሆነ የሚወሰነው በዙሩ ላይ ከግማሽ በታች ወደ ፊት በመቅደሙ ነው። ስለዚህ ባለሙያው በመጀመሪያ 2,147,483,647 ይደምራል፤ ከላይ ያለው 2024091201 በዚህ ስሌት 4171574848 ይሆናል። ሁሉም ተከታዮች ይህን ቁጥር እስኪይዙ ይጠብቃል፤ ከዚያ የሚፈልገውን 2017010201 ያስገባል። በዙሩ ላይ ይህ ከግማሽ በታች ወደ ፊት ስለሆነ «አዲስ ነው» ተብሎ ይወሰዳል። «ሁሉም እስኪይዙ» የሚለው ቃል መዘለል የለበትም። አንድ ተከታይ ለጊዜው ተቋርጦ የመካከሉን ደረጃ ሳያይ ካለፈ ሲመለስ ያለው አሮጌው ትልቅ ቁጥር ነው፤ ሥራውም ለእሱ እንደገና ይጀመራል።

ተከታዩ ሰዓቱን ጠብቆ ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ ለውጥ እስከሚቀጥለው ተራ ድረስ ይዘገያል። በ1996 እ.ኤ.አ. ሁለት ማሻሻያዎች በተከታታይ ወጡ። በአንደኛው ዋናው ሰርቨር መዝገቡ እንደተቀየረ ለተከታዮቹ አጭር ማስታወቂያ ይልካል፤ በሌላው ተከታዩ መዝገቡን እንዳለ ሳይሆን የተቀየረውን ብቻ ይቀዳል። ለጠባብ መስመር ሁለቱም ትልቅ እፎይታ ናቸው። ማስታወቂያው ቢጠፋም ብዙ አይጎዳም፤ የመጠይቂያው ሰዓት ሲደርስ ተከታዩ ራሱ ይመጣል። ፈጣኑ መንገድ ሲሰናከል ዘገምተኛው መኖሩ የዚህ ሥርዓት ጥሩ ጠባይ ነው።

ጸሐፊው አንድ ሳይሆን ብዙ ሲሆን ነገሩ ይወሳሰባል። ይህን በሰፊው የፈተነው ዜሮክስ ነው። ኩባንያው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በጋራ ኔትዎርኩ ላይ ክሊሪንግሀውስ የሚባል የስም መዝገብ ነበረው፤ በየትኛውም ሰርቨር ላይ ስም መመዝገብና መሰረዝ ይቻል ነበር። ኔትዎርኩ ብዙ መቶ ኤተርኔቶችን የያዘ ሲሆን ከጃፓን ወደ አውሮፓ የሚሄድ መልእክት እስከ 14 መገናኛ ማሽኖችንና 7 የስልክ መስመሮችን ሊያልፍ ይችላል። አንዳንዱ መዝገብ 300 ያህል ቦታ ተገልብጦ ነበር። ሰርቨሮቹ በየሌሊቱ መዝገባቸውን ሲያነጻጽሩ ልዩነት ካገኙ ለሁሉም ቦታ በመልእክት ይልኩ ነበርና፣ ለአንድ መዝገብ ብቻ በአንድ ሌሊት እስከ 90,000 መልእክት ሊፈጠር ይችል ነበር። ለማስማማት የወጣው ሥራ ራሱ ኔትዎርኩን አጨናነቀ።

አላን ዴመርስና ባልደረቦቹ በ1987 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ከዚህ ችግር ተነሣ። ያነጻጸሯቸው መንገዶች ጎጃም ውስጥ ወሬ ከሚዘዋወርባቸው መንገዶች ብዙ አይርቁም። የመጀመሪያው አዋጅ ነው፤ ለውጡን የሰማ ሰርቨር ለሌሎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነግራል። ፈጣን ነው፤ ነጋሪት በተጎሰመበት ዕለት ገበያ ያልዋለ ግን አይሰማም፣ ማንም ተመልሶ አይነግረውም። ሁለተኛው ወሬ ነው፤ የሰማ ሰርቨር ያገኘውን ይነግራል፣ የተነገረውም ላገኘው ይነግራል፣ «ሰምቻለሁ» የሚል ሲበዛ ተናጋሪው ይሰለቻል። ጥናቱ ስሌቱን አስቀምጧል፤ አንዴ «ሰምቻለሁ» እንደተባለ ወዲያው የሚሰለች ከሆነ ከመቶ 20 ያህሉ ሳይሰሙ ይቀራሉ፤ የመሰልቸት ዕድሉ በግማሽ ሲቀንስ ሳይሰሙ የሚቀሩት ከመቶ 6 ያህል ናቸው። ሦስተኛው ሁለት ሰርቨሮች በዕጣ ተገናኝተው መዝገባቸውን ሙሉ በሙሉ የሚያስታርቁበት ነው። ቀርፋፋና ብዙ የሚያስከፍል ነው፤ ነገር ግን ማንንም አይተውም። የጥናቱ ምክር ለዕለቱ ለውጥ ወሬውን መጠቀም፣ የቀረውን ለመልቀም ደግሞ ማስታረቁን አልፎ አልፎ ማስኬድ ነው።

ከዚሁ ጥናት ለደጋ ከተሞች የሚቀርብ አንድ ነጥብ አለ። ሰርቨሮቹ የሚነጋገሩትን ጓደኛ ያለ አድልዎ በዕጣ ሲመርጡ አትላንቲክን ተሻግሮ እንግሊዝ፣ ቡሺ የሚደርሰው አንድ መስመር ከአማካዩ ከአሥር እጥፍ በላይ ጭነት ይሸከም ነበር። ለቅርብ ጎረቤት ቅድሚያ ሲሰጡ ጭነቱ ወረደ፤ ዜናውም ብዙ አልዘገየም። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በደጀን ቅርንጫፍ ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉንም ቅርንጫፍ በየፊናው ከአዲስ አበባ ከሚያስቀዳ፣ አንዱ ደብረ ማርቆስ ላይ ቀድቶ ሌሎቹ ከእሱ ቢቀዱ ዓባይን የሚሻገረው ጭነት አንድ ብቻ ይሆናል። የስም ሰርቨሮች ይህን ያለ ተጨማሪ ዕቃ ያደርጉታል፤ ተከታይ ከተከታይ መቅዳት ይችላል።

ጸሐፊ በበዛበት መዝገብ ከሁሉ የሚያስቸግረው መሰረዝ ነው። አንድ ስም ከአንዱ ሰርቨር ላይ ቢጠፋ፣ ስሙን የያዘ ሌላ ሰርቨር መጥቶ ሲያስታርቅ «ይህ ጎድሎሃል» ብሎ መልሶ ይሰጠዋል። የተሰናበተ ሠራተኛ አካውንት እንደገና ይነሣል። ስለዚህ የተሰረዘው ቦታ ባዶ አይተውም፤ የተሰረዘበት ጊዜ ያለበት የሞት ምልክት ይጻፍበታል፤ ምልክቱም እንደ ማንኛውም ለውጥ ይዞራል። ምልክቶቹ ለዘላለም ቢቀመጡ መዝገቡ በሙታን ይሞላል፤ ቶሎ ቢጠፉ ደግሞ ዘግይቶ የተመለሰ ሰርቨር ሙታኑን ይቀሰቅሳል።

ይህ በዜሮክስ ታሪክ ብቻ የቀረ ነገር አይደለም። ብዙ መሥሪያ ቤቶች የሠራተኞቻቸውን ስምና የማሽኖቻቸውን አድራሻ የሚይዙበት የማይክሮሶፍት አክቲቭ ዳይሬክተሪ በትክክል እንዲህ ይሠራል። የሞት ምልክቱ ዕድሜ በመጀመሪያ 60 ቀን ነበር፤ ከዊንዶውስ ሰርቨር 2003 የመጀመሪያ ማሻሻያ ወዲህ በተተከሉት ላይ 180 ቀን ሆነ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ቆይቷል። ከዋናው ቢሮ ጋር የሚገናኘው በእንዲህ ያለ መስመር ብቻ የሆነ የቅርንጫፍ ሰርቨር ከምልክቱ ዕድሜ በላይ ተቆርጦ ከቆየ፣ መስመሩ ሲመለስ ዝም ብሎ መሰካት የለበትም። የያዘው መዝገብ ተጥሎ ከዋናው እንደ አዲስ መቀዳት አለበት። ጊዜን የሚያነጻጽር መዝገብ ባለበት ደግሞ የማሽኑ ሰዓት ትክክል መሆኑን አስቀድሞ ማየት ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ብሎ የእጅ ሰዓቱን አይቶ ማሽኑን የሞላ ሰው ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ጎትቶታል። ዓመት አሳስቶ ወደ ፊት የወሰደው ደግሞ ይብሳል፤ የተሳሳተው ጽሑፍ ቀኑ እስኪደርስ ከእውነተኛው ሁሉ «አዲስ» ሆኖ ያሸንፋል።

መስመር ሲቋረጥ ሁለት ምርጫ ብቻ አለ፤ አሮጌ ሊሆን የሚችል መልስ መስጠት ወይም ዝም ማለት። ኤሪክ ብሩወር በ2000 እ.ኤ.አ. ያቀረበው፣ ሴት ጊልበርትና ናንሲ ሊንች በ2002 እ.ኤ.አ. በማስረጃ ያጸኑት ሐሳብ ይኸው ነው፤ ኔትዎርክ ለሁለት ሲከፈል ፍጹም ስምምነትንና የማያቋርጥ አገልግሎትን አብሮ መያዝ አይቻልም። የባንክ ሒሳብ ዝምታን ቢመርጥ ያስኬዳል። ዲኤንኤስ ግን መልስ መስጠትን መርጧል፤ ምርጫውም ትክክል ነው፤ የተቋማት አድራሻ በየቀኑ አይቀየርምና የሦስት ቀን አሮጌ መልስ አብዛኛውን ጊዜ ትክክለኛ መልስ ነው። ገደቡን የሚያበጀው በመዝገቡ ራስጌ ላይ ያለው ያ አራተኛው ቁጥር ነው።

ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ሦስት ሳምንት ያህል ፈጅቷል። ዋናውን ሰርቨር ደብረ ማርቆስ፣ ተከታዩን ውጭ አገር ያደረገ ተቋም ቢኖርና አራተኛውን ቁጥር ብዙዎች እንደሚያደርጉት 604,800 ሰከንድ ማለትም ሰባት ቀን ብሎ ቢተወው፣ ውጭ ያለው ተከታይ በስምንተኛው ቀን ቅጂውን ጥሎ ዝም ይል ነበር። ገጹ ውጭ አገር ባለ ማሽን ላይ ቢቀመጥ እንኳ ዋሽንግተን ያለ የቀድሞ ተማሪ አያገኘውም፤ ለተቋሙ የተላከ ኢሜይልም አድራሻ አጥቶ ይቀራል። ቁጥሩ 2,419,200 ማለትም 28 ቀን ቢሆን ተከታዩ እስከ መጨረሻው ይቆያል። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሠራር መግለጫም ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይመክራል። በዚህ አካባቢ ለሚሠራ አራቱ ሳምንት ትንሹ ልክ መሆን ይገባዋል።

ተገላቢጦሹም አለ። መስመሩ ከአዲስ አበባ ጋር ሲቋረጥ በግቢው ውስጥ ያለ ሰው የግቢውን ማሽን ማግኘት ያለበት ይመስላል፤ ኬብሉ እዚያው ነው። ሆኖም የግቢው ጠያቂ ሰርቨር ወደ ስሙ የሚደርሰው ከሥሩ ጀምሮ በ«ኢቲ» በኩል ነው። የያዘው የመንገድ ማስታወሻ ዕድሜው ካለፈ ከላይ የሚጠይቀው ስለሌለ አጠገቡ ላለው ማሽን መልስ ያጣል። መድኃኒቱ ጠያቂው ሰርቨር የራሱን ተቋም መዝገብ በቅጂነት እንዲይዝ ማድረግ ነው። ዕድሜው ያለፈ መልስ ከላይ ያለው ሰርቨር ሳይገኝ ሲቀር ለጊዜው እንዲሰጥ የሚፈቅድ መግለጫም በ2020 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፤ በሰርቨሩ ላይ አንድ መስመር መክፈት ነው።

እስካሁን የተነገረው ባለቤቱ ስለሚያውቃቸው ቅጂዎች ነው። የማያውቃቸው ይበልጣሉ፤ አንዴ የጠየቀ ሰርቨር ሁሉ መልሱን በካሽ ያስቀምጣል። ለእነዚህ ማስታወቂያ አይላክም፣ ዝርዝራቸውም የለም። የሚገዛቸው ከመልሱ ጋር የሚሄደው የዕድሜ ልክ፣ ቲቲኤል፣ ብቻ ነው። ልኩ 86,400 ሰከንድ ከሆነ መልሱ አንድ ቀን ይኖራል። የኢሜይል ሰርቨሩን ሰኞ ሊቀይር ያሰበ ባለሙያ እስከ ቅዳሜ ድረስ ልኩን ወደ 300 ያወርዳል፤ ሰኞ ሲቀይር የቆየ መልስ የያዘ ሁሉ ከአምስት ደቂቃ ያህል በኋላ ተመልሶ ይጠይቃል። ለውጡ ሲረጋ ልኩን ወደ ቦታው ይመልሳል። ሰኞ ጠዋት ከለውጡ ጋር አብሮ ያወረደው ግን ምንም አላገኘም፤ በየካሹ ያለው መልስ የተቀመጠው በአሮጌው ልክ ነው። «የለም» የሚለው መልስም ካሽ ውስጥ ይቀመጣል፤ ስለዚህ አዲስ ስም ከመመዝገቡ በፊት «ደርሶ እንደሆነ» እያሉ መሞከር ራስን ማዘግየት ነው።

ቅጂዎቹ መስማማታቸው ትክክል መሆናቸውን አያረጋግጥም። በጥቅምት 2009 እ.ኤ.አ. የስዊድን አገር ስም መዝገብ ሲዘጋጅ በፕሮግራም ስህተት ከስሞች መጨረሻ የምትገባው ነጥብ ቀረች። መዝገቡ ወደ ተከታዮቹ ሁሉ እንደ ደንቡ ተገለበጠ፤ ሁሉም ፍጹም ተስማሙ፤ 900 ሺህ ያህል ስሞች ግን ጠፉ። ስህተቱ በሰዓት ውስጥ ቢታረምም በየካሹ የተቀመጠው እስኪያልቅ ተጨማሪ ጊዜ ወሰደ። ከዚህ የተነሣ አዲስ መዝገብ ከመውጣቱ በፊት በማሽን ይመረመራል፤ የስሞቹ ብዛት ከትናንቱ በእጅጉ ከተለየም ይታገዳል። ቅጂን በየቦታው ማስቀመጥም እንዲሁ ስሙ ብቻውን አይበቃም። በጥር 2001 እ.ኤ.አ. የማይክሮሶፍት አራቱም የስም ሰርቨሮች በአንድ የኔትዎርክ ክፍል ላይ ነበሩ፤ አንድ ራውተር ላይ በተሠራ ስህተት አራቱም በአንድ ላይ ተሰወሩ። ደብረ ማርቆስ ላይ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ዩፒኤስ፣ በአንድ ስዊች ላይ የቆሙ ሁለት ሰርቨሮች መብራት ሲጠፋ አንድ ሰርቨር ናቸው። ሁለተኛው ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ቢሆን፣ ሦስተኛው ውጭ አገር ቢጨመር ቅጂ የተባለው ሥራውን ይሠራል።

ቅጂዎቹ መስማማታቸውን ለማወቅ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። በዲግ ትእዛዝ ለእያንዳንዱ ሰርቨር በየስሙ የመዝገቡን ራስጌ መጠየቅና ሲሪያል ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ማየት በቂ ነው። ቁጥሩ ለደቂቃዎች ቢለያይ ለውጥ በመንገድ ላይ ነው፤ ከመጠይቂያው ጊዜ በላይ ተለያይቶ ከቆየ አንዱ መቅዳት አቁሟል። ፍተሻው በየሰዓቱ ራሱ እንዲሄድና ልዩነት ሲያገኝ ለተረኛው ባለሙያ አጭር መልእክት እንዲልክ ማድረግ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በላይኛው መዝገብ ውስጥ ለተቋሙ የተጻፉት የሰርቨር ስሞች ተቋሙ ራሱ ከያዛቸው ጋር መግጠማቸውንም አብሮ ማየት ያስፈልጋል። ያረጀ ሰርቨር ከአገልግሎት ሲወጣ ስሙ ከ«ኢዲዩ ነጥብ ኢቲ» መዝገብ ላይ ሳይሰረዝ ከቀረ፣ ከጠያቂዎች የተወሰኑት ወደሌለ ማሽን እየሄዱ ይጠብቃሉ፤ ገጹ «ቀርፋፋ» የሚባለውም አንዳንዴ ከዚህ የተነሣ ነው። ስለዚህ አሮጌው ሰርቨር የሚነቀለው በቅድሚያ ስሙ ከላይኛው መዝገብ ወጥቶ፣ የዚያ መልስ ዕድሜም በየካሹ ካለቀ በኋላ ነው።